እንትፍ በይባት

እናቴ ሁለት ልጆቿን በሁለት እምነት ነው ያስተማረቻቸው። እኔን አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ጎንደር ወስዳ እህቷ ዘንድ አስቀመጠችኝ። አክስቴ ወደ እስራኤል ለመሄድ ተራ ከሚጠብቁት ቤተ እስራኤሎች ጋር ለመሆን ከላስታ ወጥታ እዚያ ከከተመች ቆይታለች። ወንድሜን ግን እዚያው መንደራችን አስቀረችው። ክርስትና አስነሣችውና ለየኔታ ሰጠችው። ፊደል ቆጠረ፣ ዳዊት ደገመ፣ ድምፁ ስለሚያምር ዜማ አስጀመሩት፣ ውሎ አድሮም ዲቁና ተቀበለ።

ካደግሁ በኋላ ለምን እንዲህ እንዳደረገች ጠየቅኋት። ከጭቃው ላይ ዐይኗን ሳታነሣ፣ "ከሁለታችሁ አንዳችሁ እንኳ ትተርፉልኛላችሁ ብዬ ነዋ" አለችኝ።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። አባታችን እኛ ልጆች ሳለን ስለሞተ ያሳደገችን በሸክላ ነው። መንደራችን ከላሊበላ ወደ ኩልመስክ ከሚወስደው መንገድ ወረድ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ሰዉ ድስቷን ይገዛል፤ በድስቷ የሠራችውን ወጥ ግን አይቀምስም። ሕፃን ያዘሉ ሴቶች በደጃችን ሲያልፉ የልጁን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ማንም ፊት ለፊት ቡዳ ብሎ አይጠራንም ነበር። ቃሉ ከጀርባችን ነበር የሚነገረው፤ እኛም እንዳልሰማን ሆነን እንኖር ነበር። ቤታችን ውስጥ እንኳ ቤተ እስራኤል የሚለው ስም በሹክሹክታ ነበር የሚወጣው።

ጎንደር ስደርስ መጀመሪያ ያስደነቀኝ ይኸው ስም ጮክ ተብሎ ሲጠራ መስማቴ ነው። አክስቴ የተከራየችው ቤት አጠገብ የቆርቆሮ ምኩራብ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ስንወጣ፣ እዚያ ገብተን ዕብራይስጥና ኦሪት እንማራለን። መምህራችን ገና ወጣት ነበር። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሲስቅ ደግሞ ከልቡ የሚስቅ። በልጅነቱ ገበያ ላይ ደብድበውት አንድ ጆሮው አይሰማም ነበር፤ ስለዚህ ስናናግረው ሁልጊዜ ሌላኛውን ጆሮውን ወደ እኛ ያዞራል።

አንድ ቀን መጽሐፉን አስቀመጠና፣ "ዛሬ ስድብ ነው የምንማረው" አለን። ተሳሳቅን። እሱ ተሳዳቢ ይሆናል፣ እኛ ተራ በተራ ፊቱ እንቆማለን። የመጀመሪያዋ ልጅ ወጣች።

"አንቺ ቡዳ! ሰው በላ! ወደ አገርሽ አትሄጅም?" ብሎ ጮኸባት።

ልጅቱ እሱ መሆኑን እያወቀች አለቀሰች። ሳቃችን ቆመ። አስቀምጦ ውኃ አጠጣትና እንደገና አስነሣት። ልትመልስ የሚገባትን ደግሞ ደጋግሞ አስጠናን። አንገት አይደፋም። ድንጋይ አይወረወርም። ቀና ብለን ስማችንን እንናገራለን፤ "ቤተ እስራኤል ነኝ፣ ሰው አልበላም፣ ሌላ የምትጠይቀኝ ካለ ጠይቀኝ" እንላለን።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ፣ "መምህር፣ ቢመቱንስ?" አለው።

መምህራችን የሚሰማበትን ጆሮ ወደ ልጁ አዞረና፣ "ያኔ ሩጡ። ሮጣችሁ ስታበቁ ግን ስማችሁን እንዳትቀይሩ" አለን።

እኔን ያ ትምህርት ሠራኝ። ጸሎቱንም፣ የሳምንቱን ንባብም፣ የዕብራይስጡን ፊደልም እወድ ነበር፤ ሰው ያደረገኝ ግን ያ ቀና ብሎ መመለስ ነው። ለእረፍት ወደ ላስታ ስመጣ አካሄዴ ተለውጦ ነበር። እናቴ እያየችኝ፣ "አንገትሽ ላይ ምን ቀጠሉልሽ?" ብላ ስቃለች። ወንድሜ ግን አልሳቀም። እሱ የኔታ ፊት ቀና ማለት ነውር እንደሆነ፣ ለሚሰድቡት መጸለይ እንደሚገባው፣ ዝም ማለት ከጸሎት እንደሚቆጠር ነበር የተማረው። የቆሎ ትምህርት ቤት ጓደኞቹ ሲሰድቡት ዳዊቱን በልቡ እየደገመ ያልፋቸው ነበር። እኔ ያን ፍርሃት ነው እለው ነበር፤ እሱ ደግሞ የእኔን ትዕቢት ይለዋል።

ዓመታት አለፉ። አክስቴ ከልጆቿ ጋር ተራዋ ደርሶ ወደ እስራኤል ሄደች። እኔን ግን የጉዞው ኃላፊዎች፣ እናትሽ ላስታ ስለቀረች ጉዳይሽ ገና ይታያል አሉኝ፤ ሲታይ ሲታይ ሀያዎቹን አገባደድኩ። በመጨረሻ ላሊበላ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ሥራ አገኘሁና መጣሁ። የእስራኤል ጎብኚዎች ይመጡ ስለነበር ዕብራይስጤ ጠቅሞኛል። ከዚያ ኮሮናው መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ እንግዳም ጠፋ። ሆቴሉ ውስጥ ጥቂት ሠራተኞች ቀረን፤ እኔም አንሶላ እያጠብኩ፣ ስልክ እያነሣሁ፣ ቅዳሜን አርፌ በእሁድ እየተካሁ እሠራ ነበር።

ኔትወርክ በተከፈተ ሰሞን፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወንድሜ ደወለ።

"እታለም፣ ሥራ ላይ ነሽ?"

"አዎ። ምነው ድምፅህ?"

"የጎረቤታችን ምራት፣ አራሷ፣ ታማለች። ሌሊቱን ስትቃዥ አድራ ጠዋት አጨሱባት።" ትንፋሹ ቆረጥ ቆረጥ ይል ነበር። "የእማን ስም ጠራች።"

ምን ማለቱ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። በእኛ አገር ሰው በድንገት ሲታመም ቡዳ በላው ይባላል። ጭስ ያጨሱበትና ማነህ እያሉ ይጠይቁታል። በሽተኛው በትኩሳት ሲቀባዥር የጠራው ስም የቡዳው ስም ነው ተብሎ ይያዛል፤ የተጠራው ሰውም መጥቶ በበሽተኛው ላይ እንትፍ ካለ ይለቀዋል ተብሎ ይታመናል።

"እንትፍ በይባት እያሏት ነው" አለ ወንድሜ። "ግቢው ሞልቷል። ዱላ የያዙም አሉ።"

"እማ ምን አለች?"

"ምንም። ቁጭ ብላለች።"

"እንዳትተፋ። ሰምተኸኛል? ከተፋች አምናለች ማለት ነው። አራሷን ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።"

"አንቺ እኮ እዚያ ሆነሽ ነው የምታወሪ። ብትተፋስ ምን ትሆናለች? ምራቅ ነው።"

"ምራቅ ብቻ አይደለም።"

ስልኩን ዘጋብኝ፣ ወይም መስመሩ ተቋረጠ። እስከ ዛሬ የቱ እንደሆነ አላውቅም።

የኩልመስክ መኪና ሰው አልሞላም ብሎ ቆሟል። ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ለምኜ ከላይ ወጣሁ። ከመንገዱ ወርጄ ቁልቁለቱን እየሮጥኩ የጎረቤቶቻችን ግቢ ስደርስ ፀሐይ ከአናት ላይ ነበረች። ከቤቱ ጭስ ይወጣል። እናቴ የግቢው መሀል መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ከሥራ ላይ ስለጎተቷት እጇ እስከ ክንዷ ድረስ የደረቀ ጭቃ ነው። ወንድሜ ነጠላውን እንዳደገደገ ከሰዎቹ ጋር ቆሟል። ከእናቴ ጎን የቆመ ማንም አልነበረም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባቴን ያውቁት የነበሩ፣ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። "እሰይ መጣሽልን፣ ልጄ። እኛ ጠብ አንፈልግም። እናትሽ ትልቀቃትና በሰላም እንለያይ።"

"አባባ፣ እናቴ ማንንም አልያዘችም። ልጅቱ ታማለች። ሐኪም ይያት።"

"ስሟን ጠርታለች እኮ።"

ያን ጊዜ የተማርኩትን አደረግሁ። አስቤ አይደለም፤ ከአፌ ወጣ። ቀና ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ ስሜን ተናገርኩ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ተናገርኩ። "እኛ ቤተ እስራኤል ነን" አልኩ። "ሰው አንበላም። ስንትና ስንት ዘመን አብረናችሁ ኖረናል። የምትጠይቁን ካለ እኔን ጠይቁኝ።"

በዚያ መንደር ያ ስም ጮክ ተብሎ ሲነገር የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ግቢው ጭጭ አለ። ለአንድ አፍታ የመምህሬ ትምህርት ሠራ ብዬ አስቤ ነበር። ከዚያ ከቤቱ በር የበሽተኛዋ አማት ጮኸች።

"ይኸው! ይኸው በአፏ አመነችላችሁ! ፈላሻ ነን አለች! ምን ቀራችሁ?"

ሰዉ አጉረመረመ፤ ከኋላ ያሉት ወደፊት ገፉ። እናቴ ተቀምጣ እንዳለች ዐይኗን ጨፈነች። ቀና ብዬ የተናገርኩት ሁሉ የእምነት ቃል ሆኖ ተመዘገበብን።

ወደ ቤቱ ገባሁ፤ ማንም አልከለከለኝም፣ ሸሹኝ እንጂ። አራሷ ከወለደች ሳምንት አልሞላትም። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ በጭሱ ዐይኗ እያለቀሰ፣ እጇን ስነካው እሳት ሆኗል። ጠረኑ ከሩቅ ያስታውቃል፤ ውስጧ እያመረቀዘ ነበር። ሕፃኑ ጥግ ላይ በሌላ ሴት እቅፍ ነው። ባሏ፣ ገና ጢሙን ያልጨረሰ ልጅ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

"ስማ፣ ሚስትህ ትሞትብሃለች" አልኩት። "ቃሬዛ አምጡና አሁኑኑ ትሂድ።"

እሱ ወደ እናቱ ተመለከተ። "መጀመሪያ ትልቀቃት" አለች እናቱ።

ወንድሜ ክንዴን ይዞ ከቤቱ ጀርባ ወሰደኝ።

"ምን አደረግሽ? ምን አደረግሽ አሁን?"

"እውነቱን ተናገርኩ።"

"ጎንደር ያስተማሩሽ ለጎንደር ነው። እዚያ ብዙ ናችሁ። እዚህ ሦስት ነን።"

"አንተስ የተማርከው ምን አመጣልን? እናትህን መሬት ላይ አስቀምጠዋት ከእነሱ ጋር ቆመህ?"

"ከእነሱ ጋር የቆምኩት ዱላው ከየት እንደሚነሣ ለማየት ነው" አለኝ። ዐይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። "ዝም ብዬ ነው እስከ ዛሬ ያኖርኳት። አንቺ የለሽም ነበር።"

ያን ጊዜ የእናቴ ድምፅ ተሰማ። ስንመለስ ከመሬት ተነሥታ ነበር።

"ቃሬዛው ይምጣ" አለች። ለሽማግሌው ነበር የምትናገረው፣ በጨዋ ቃል። "ቃሬዛው ከደጅ ይቅረብ፤ አራቱ ሸካሚዎች ይቁሙ። ያኔ እተፋላታለሁ። ከዚያ በፊት ብትገድሉኝም አልተፋም።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጎረምሶች ሮጡ። ቃሬዛው መጣ፣ ሸካሚዎቹም ቆሙ። እናቴ ወደ እኔ ዞረችና፣ "አንቺ ዞር በይ። እንዳታዪኝ" አለች። አልዞርኩም። መዞር ነበረብኝ መሰለኝ፤ ግን ብቻዋን ልትሆን ነው ብዬ እግሬ እምቢ አለኝ።

ገብታ አራሷ አጠገብ ተንበረከከች። ልትተፋ ሞከረች፣ አልወጣላትም። አፏ በፍርሃት ደርቋል። ደግማ ሞከረች። "ውኃ ስጡኝ" አለች። ማንም ዕቃውን በአፏ ሊያስነካ አልፈለገም፤ አንዷ ሴት ከሩቅ እጇን ዘርግታ በእናቴ መዳፍ ላይ አፈሰሰችላት። ጭቃው ከእጇ ላይ እየሟሟ ከውኃው ጋር ጠጣችው። ከዚያ በልጅቱ ግንባር ላይ በቀስታ እንትፍ አለች። ወዲያው ደግሞ፣ ማንም ሳይነግራት፣ በቀሚሷ ጫፍ ግንባሯን ጠረገችላትና፣ "እግዜር ያድንሽ፣ ልጄ" አለቻት።

ሸካሚዎቹ አራሷን ይዘው ሮጡ። እኔ ከኋላ ተከተልኩ፤ እንዳልጠጋ በየመታጠፊያው ዞር እያሉ ያዩኝ ነበር። ጤና ጣቢያ መርፌ ወጓት፣ ከዚያም በመኪና ላሊበላ ሆስፒታል ላኳት። የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ማኅፀኗ ውስጥ ቀርቶባት ኖሯል። አጸዱላት፣ መድኃኒት ሰጧት። ትንሽ ብትዘገይ አትገኝም ነበር አለችኝ ነርሷ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ቁጭ ብላ አጥሚት ጠጣች፣ ልጇንም አጠባች።

የሆነውን መገመት አያስቸግርም። መንደሩ ሁሉ፣ "ለቀቀቻት" አለ። መርፌውን ያነሣ የለም። ምራቋ ካዳናት በሽታዋም ከእሷ ነበር ማለት ነው። ብትሞት ኖሮ ገደለቻት ይሉ ነበር፤ ስትድን ደግሞ ይዛት ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ የእናቴን ዕቃ የሚገዛ ጠፋ። ፀሐይ ላይ ያሰጣቻቸው ድስቶች አንድ ጠዋት ሁሉም ተሰብረው ተገኙ። ወደ ምንጩ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ጥለው ይሸሻሉ።

ወንድሜን የደብሩ አለቃ አስጠሩት። አልተቆጡትም። "ልጄ፣ ሰዉ እስኪረጋጋ ድረስ ለጊዜው ከመቅደስ ቅር" አሉት። የኔታ ደግሞ፣ ያሳደጉት ሰው፣ እጁን ይዘው አለቀሱ። "አንተን አውቅሃለሁ፤ ሰዉን ግን አልቻልኩትም" አሉት። ወንድሜ ለብዙ እሁድ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ ቅዳሴውን በዝግታ ተከታትሏል። ለጊዜው የተባለው ማብቂያ አልነበረውም። አንድ ቀን ልብሱን ጠቅልሎ ወልድያ ወረደ፤ አሁን ድንጋይና አሸዋ ያራግፋል። ላሊበላ እኛ ጋ ና ስለው፣ "እንደምን ብዬ? በየትኛው ስሜ?" አለኝ። ጸሎት ትቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። "ዳዊት እደግማለሁ" አለ፤ "የሚሰማኝ ማን እንደሆነ ግን አላውቅም።"

እናቴን ላሊበላ አመጣኋት፣ እኔ የተከራየኋት ክፍል ውስጥ። መምህሬ ጋ ደወልኩለት። ሁሉንም ነገርኩት። ያስተማርከን መልስ እኛ ላይ ምስክር ሲሆን ምን ይደረጋል? አልኩት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ፣ "መምህር?" አልኩ።

"እየሰማሁሽ ነው" አለኝ። "ለዚያ አላስተማርኳችሁም። እኔንም ያስተማረኝ የለም።" ቆየና፣ "አሁን ሌሎች ልጆች እያስተማርኩ ነው፤ ምን ልበላቸው?" ብሎ እኔኑ ጠየቀኝ። በዚያው ተሰነባበትን።

እናቴ ቀን ቀን ከክፍሏ አትወጣም። ሰንበት ሲገባ የማውቀውን ጸሎት አነብላታለሁ፤ አንዳንዱን ከእናቷ የሰማችው ስለሆነ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትከተለኛለች። አንድ ጊዜ በመሀል አቋርጣኝ፣ "ስተፋባት ለምን ዳነች?" አለችኝ።

"እማ፣ መድኃኒት ስለተሰጣት ነዋ። ሆስፒታል ስለገባች።"

"እሱንስ አውቃለሁ" አለች። ግን ዐይኗ ከእኔ ላይ ሸሸ። ከዚያ ቀን በኋላ የጎረቤት ልጆች በበሩ ሲያልፉ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስትስብ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ ፀሐዩን መስሎኝ ነበር።

ያለፈው ቅዳሜ፣ ገበያው ደርቶ ሳለ፣ በራችን ተንኳኳ። ያችው እናቴ የተፋችላት ልጅ ናት። ወፍራለች፣ ፊቷ ጠርቷል፣ ሕፃኑን አዝላለች። ከደፉ ሳታልፍ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። ተጠያይቃ ነው ያገኘችን።

"እናታችን አሉ?" አለች። "ሕፃኑ ጡት እምቢ አለኝ። ያጠባሁት አይረጋለትም፣ ያስመልሰዋል። እባክዎ ይንገሩልኝ፣ ለእኔ እንዳደረጉልኝ አንድ ጊዜ እንትፍ ይበሉበት።"

ክፋት አልነበራትም። ዐይኗ ውስጥ ፍርሃትና ልመና ብቻ ነው ያየሁት። አትቆጣም፣ አትወነጅልም፤ ልጇ እንዲድንላት ነው የምትለምነው። ስሜን ልናገር፣ ሰው አንበላም ልበላት አፌን ከፈትኩ። ለማን ነው የምለው? እሷ እናቴን ሐኪም አድርጋ ነው የመጣችው።

ከኋላዬ የእናቴ ድምፅ መጣ። ነጠላዋን በሙሉ ፊቷ ላይ ጥላ ወደ ግድግዳው ዞራ ነበር።

"አውጪልኝ" ትለኛለች። "ልጁን አውጪልኝ። እንዳላየው። አደራሽን፣ እንዳላየው።"

"እማ፣ ምን ሆነሻል? አንቺ እኮ..."

"አላውቅም!" ብላ ጮኸች። በሕይወቴ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። "አላውቅም እኮ ነው የምልሽ! ብሆንስ? ሳላውቀው ብሆንስ?"

ልጅቱ ደንግጣ ወደ ኋላ አፈገፈገች። በሩን ዘጋሁና ጫማዬን አጠለቅሁ። "ነይ" አልኳት፣ "ሆስፒታል አብረን እንሂድ። እዚያ የማውቃት ነርስ አለች።"

ተከተለችኝ። በገበያተኛው መሀል እየተጋፋን ወጣን። ላናግራት ስሞክር በትሕትና ትመልስልኛለች፤ ስለ ባሏ ነገረችኝ፣ ስለ ዘንድሮው ገብስ ነገረችኝ። ዳገቱ ላይ ሕፃኑ ማልቀስ ሲጀምር ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈችው። እኔ በቀኟ በኩል ነበርኩ። ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ ቀስ ብላ፣ ወደ ግራ ክንዷ አዛወረችውና ፊቱን በነጠላዋ ሸፈነችው።